ሜዲስን ለመግባት 12ኛን ደግሜ ልፈተን? እኔ የወሰንኩበት መንገድ

ውጤቴን ያየሁት ጉብታ ላይ ቆሜ ነው። እኛ መንደር ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። ጥር 2015 ነበር። የጮቄ ተራራን የጥር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጋቢ የወጣ እጅ ስልክ መንካት ያቅተዋል። ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ወጥቷል። ገጹ ሲዞር ሲዞር ቆይቶ ተከፈተ። 331 ከ700።

ማለፊያው 350 ነበር። 19 ነጥብ ጎድሎኛል።

"ስንት አመጣሽ?" አለኝ ወንድሜ። ነገርኩት። "ታዲያ ሐኪም ትሆኛለሽ ወይስ አትሆኚም?" አለ። ልጅ ነው፤ ሌላ ጥያቄ አያውቅም። እኔም ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሴን የጠየቅኩት ያንኑ ነበር። መልስ ያጣሁት ጥያቄው እንዲያ ስለሆነ ነው።

ዛሬ የሕክምና ተማሪ ነኝ። ፍሬሽማንን፣ ማለትም ሁሉም የሚማረውን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት፣ ሳልቆጥር ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ከአገር ቤት ስልክ ይመጣልኛል። "እህቴ፣ ልድገም ወይስ የደረሰኝን ልያዝ?" ይሉኛል። በስልክ እየተቆራረጠ የምናገረውን አንድ ጊዜ ከነዝርዝሩ ልጻፈው ብዬ ነው።

የእኛ ዓመት ተማሪ ያየውን ብዙ ሰው ረስቶታል። 10ኛ ክፍል ሳለን፣ መጋቢት 2012 ላይ፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። 11ኛን የጨረስነው በጥድፊያ ነው። 12ኛ ስንማር ደግሞ ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነበር። ፈተናው ራሱ ከዓመቱ አልፎ ጥቅምት 2015 ላይ ተሰጠ። ተማሪው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲፈተን ያ የመጀመሪያው ነው። ከእኛ መንደር ከሄድነው ልጆች ውስጥ ከቤት ርቆ ማደር የለመደ አልነበረም። በመጨረሻ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከጠቅላላው ተፈታኝ 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነ። ከመቶ ተማሪ ሦስት ማለት ነው።

ሰፈር ግን ይህን ቁጥር አያውቅም። ሰፈር የሚያውቀው "የእገሌ ልጅ ወደቀች" የሚለውን ነው። እናቴ ገበያ ውላ ስትመለስ ፊቷ ይለወጥ ነበር። ምን እንዳሏት አንድም ቀን አልነገረችኝም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ "ሽማግሌ ሊልኩ ነው" የሚል ወሬ መጣ። አባዬ ወሬውን ላመጣው ሰው "ልጄ የጀመረችውን አልጨረሰችም" ብሎ መለሰ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ያንን ቀን ሳስታውስ አሁንም እንባ ይመጣብኛል።

ከፊቴ የነበሩት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሪሚዲያል። ከ50 ከመቶ በታች ሆነን ለዚሁ የተቆረጠውን ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘን ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተን የማካካሻ ትምህርት እንድንማር ተወስኖ ነበር። ጥቂት ወራት ተምራችሁ ትፈተናላችሁ፤ 50 ከመቶ ካመጣችሁ ፍሬሽማን ትቀጥላላችሁ፤ ካላመጣችሁ ወደ ቤት። ሁለተኛው በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ 12ኛን እንደገና መፈተን።

ዘመድ ወዳጁ ሁሉ "ድገሚና ሜዲስን ግቢ" ይለኝ ነበር። አንድ ነገር እዚህ ላይ በደንብ ይያዝልኝ፤ ብዙ ልጅ ዓመቱን የሚያቃጥለው ይህን ሳያውቅ ነውና። ድሮ የ12ኛ ክፍል ነጥብህ ከፍ ካለ በቀጥታ ሜዲስን ትመደባለህ። ከ2012 ወዲህ ግን ሁሉም መጀመሪያ ፍሬሽማን ይማራል። ሜዲስን የሚገባው የሚለየው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ የፍሬሽማን ውጤትና የ12ኛ ክፍል ውጤት ተደምሮ ይታያል። ከየትኛው ምን ያህል እንደሚያዝ እንደ ዓመቱና እንደ ግቢው ይለያያል። ስለዚህ 12ኛን መድገም የሜዲስንን በር አይከፍትም። ወደ ግቢው ያስገባል፣ በሩ ፊት ሲደርሱ ደግሞ የተሻለ ነጥብ ያስይዛል፤ እዚያ ድረስ ነው። 12ኛን ደግሞ ገብቶ ፍሬሽማን ላይ ከሰነፈ ልጅ ይልቅ፣ በሪሚዲያል ገብቶ ፍሬሽማን ላይ የበረታ ሊቀድም ይችላል። ይህን ያስረዳኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እነዚያን ሦስት ሳምንታት እንዲያ አላለቅስም ነበር።

በመጨረሻ ያስረዳችኝ ሲስተር ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ትኖር ነበር። የገጠር ልጅ ሆናችሁ ወረዳ ከተማ ቤት ተከራይታችሁ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ስንቅ ይመጣል፤ እንጀራው እስከ ረቡዕ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ድንች ነው። ሲስተር ሐሙስ ሐሙስ ትጠራኝና ትሩፋቷን ታካፍለኝ ነበር። ዕቃዬን ላወጣ ስሄድ አገኘችኝና ቡና አፈላች።

"ነጥቡ የት ፈሰሰ?" አለችኝ።

አልገባኝም።

"19 ነጥብ ጎደለኝ ትያለሽ። ሐዘኑን ትነግሪኛለሽ። የት እንደፈሰሰ ግን አልነገርሽኝም። በሽተኛ መጥቶ 'አመመኝ' ብቻ ቢለኝ ምን መድኃኒት እሰጠዋለሁ?"

ወረቀት አምጥታ ውጤቴን አስጻፈችኝ። እንግሊዝኛ 41። ሒሳብ 33። ፊዚክስ 36። ኬሚስትሪ 52። ባዮሎጂ 64። አፕቲቲዩድ 48። ሲቪክስ 57። ከዚያ "ሒሳብ ላይ ሳታነቢው የቀረሽ ጥያቄ ስንት ነው?" አለች። አሰብኩ። ወደ 17 ገደማ። ሰዓት አልቆ መልስ መስጫው ላይ ባዶ ትቼው ነው የወጣሁት። "ስህተት የሆነ መልስ ነጥብ ይቀንሳል እንዴ?" አለች። አይቀንስም። "ታዲያ ለምን ባዶ ተውሽው?" መልስ አልነበረኝም። ሰዓቱ ማለቁን ያወቅኩት ፈታኙ "እርሳስ አስቀምጡ" ሲል ነው።

ያን ቀን ማታ የጀመርኩትን ሥራ ለሚደውልልኝ ልጅ ሁሉ የማዝዘው እሱኑ ነው። የፈተና ወረቀታችሁ ተመልሶ አይሰጣችሁም። ግን ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ፎቶ ኮፒ በየቦታው አለ። አንዱን ዓመት ያዙ፤ ከዚህ በፊት ያልሠራችሁትን። የስልክ ሰዓት ሙሉና እንደ ፈተናው ቀን ሥሩት። ሰዓቱ ሲያልቅ እስክሪብቶ ቀይሩ፤ የቀረውን ያለ ሰዓት ጨርሱት። ከዚያ አርሙት። አንድ ገጽ በሦስት ክፈሉና የሳታችኋትን እያንዳንዷን ጥያቄ አስቀምጧት፦ ጭራሽ የማላውቀው፤ የማውቀው ግን የተሳሳትኩት፤ ሳልደርስበት የቀረው።

እኔ አራት ቀን ፈጀብኝ። ውጤቱ ግን ልቅሶዬን አስቆመው። ሒሳብ በሰዓት ስሠራው 35 ሆነ፤ ያለ ሰዓት ስጨርሰው 56። እንግሊዝኛም ያው ነው። በእኛ ጊዜ 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ነበር፤ ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ ያለው ምንባብ ላይ ተቀምጬ ግማሽ ሰዓት እበላለሁ። ፊዚክስ ግን ሌላ ነው። ያለ ሰዓት፣ ሻይ እየጠጣሁ ብሠራውም ከ39 አላለፈም። የሳትኩት በሙሉ "ጭራሽ የማላውቀው" ሥር ገባ፤ አብዛኛው የ11ኛ ክፍል ትምህርት ነው። 11ኛ ሳለን የፊዚክስ መምህር ግማሽ ዓመት አልነበረንም። ደብተሬ ባዶ ነው፤ ባዶ ደብተር ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቢያነቡት አይሞላም።

አያችሁ፣ ከዚያ ወዲያ "ሐኪም እሆናለሁ ወይስ አልሆንም" የሚለው ነገር ቀረ። ሒሳቤና እንግሊዝኛዬ ፍጥነት ይፈልጋሉ፤ ፍጥነት በልምምድ ይመጣል፤ ልምምድ ደግሞ በራሴ ይቻላል። ፊዚክስ መምህር ይፈልጋል። መምህር ካገኘሁ መድገም ያዋጣል። ካላገኘሁ፣ መንደር ተቀምጬ ያንኑ ባዶ ደብተር ሳገላብጥ ዓመቱ ያልቃል፤ ያኔ ሪሚዲያል ይሻለኛል፤ ቢያንስ መምህር አለው።

የአጎቴ ልጅ 318 አምጥቶ ነበር። እሱንም አስቆጠርኩት። የእሱ ጉድለት ሒሳብም፣ ኬሚስትሪም፣ ፊዚክስም ሁሉም "የማላውቀው" ሥር ነው። ከተማ ውስጥ የሚያስጠጋው ዘመድ የለውም። አባቱ ታሞ እርሻው በእሱ ላይ ነው፤ ቤት ከተቀመጠ የሚያጠናው ከብት አስገብቶ ሲደክመው ብቻ ነው። "ወንድሜ፣ አንተ ሂድ" አልኩት። ሄደ። ሪሚዲያሉን አለፈ። አሁን ፋርማሲ ሦስተኛ ዓመት ነው። በሁለት ነጥብ ልዩነት ሜዲስን አምልጦት ትንሽ ከፍቶት ነበር። አሁን ስለ መድኃኒት ሲያወራ ብትሰሙት የቀረበት ነገር ያለ አይመስላችሁም። ያን ዓመት ደግሞ ቢፈተን ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም፤ ከዚያ ቤት ሆኖ ግን ማጥናት እንደማይችል አውቃለሁ።

ለእኔ አክስቴ ደብረ ማርቆስ ነበረች። ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቅ ሰፈር ትኖራለች፤ ጉልት ትሸጣለች፤ አንድ ክፍል ቤት ናት። "መደቡን እኔ እተኛበታለሁ፣ አልጋው ያንቺ ነው" ብላ ላከችብኝ። አባዬ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ በጣቱ ቆጠረ። ጤፉ ስንት፣ ድንቹ ስንት፣ ለፊዚክስ አስጠኚ በወር ስንት። "አንዷ ጊደር ትሸጥ" አለ። ቀጥሎ ዓይኔን እያየ "ልጄ፣ አንድ ጊዜ ነው። ሁለተኛ ጊደር የለኝም" አለኝ።

ቃሉ ያኔ ከበደኝ። ዛሬ ግን ከማውቀው ምክር ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል። እኔ የማውቃት፣ ከእኔ ይልቅ ጎበዝ የነበረች ልጅ፣ ሦስት ጊዜ ተፈትናለች። ልክ አልተበጀለትም። ሁለተኛው ሲወድቅ ሦስተኛው "እስካሁን የለፋሁት እንዳይባክን" ተብሎ ተጨመረ። ያጠናችው ሁሌም በዚያው ቤት፣ በዚያው ደብተር፣ በዚያው መንገድ ነበር። ሦስት ጊዜ ውጤቷ ከ5 ነጥብ በላይ አልተንቀሳቀሰም። ጎበዝነቷ የትም አልሄደም፤ የተቀየረ ነገር ስላልነበረ ነው። ለማጥናት የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ስንተኛው ላይ እንደምታቆሙ ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩ። ውጤት ካያችሁ በኋላ ስለ እሱ መነጋገር በጣም ይከብዳል።

ሲስተር የጠየቀችኝ ሌላም ነገር አለ። "ለምንድን ነው ሐኪም መሆን የፈለግሽው?" አለችኝ። የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ተሸክመዋት ከጮቄ ቁልቁል ወረዱ። ዝናብ ነበር። ወንዶቹ እየተፈራረቁ ተሸከሙ። እናቴ ነጠላዋን አልብሳት አብራ ወረደች። በማግስቱ ሴትዮዋ ከነልጇ ተርፋ መጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪም እሆናለሁ አልኩ።

ሲስተር ዝም ብላ ሰማችኝ። "ያቺን ሴት ያዋለደቻት ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ? እዚያ ጤና ጣቢያ ያኔ ሐኪም አልነበረም። አዋላጅ ነርስ ናት" አለችኝ።

ብዙ ቀን አብሰለሰለኝ። የምፈልገው ያቺን ሴት ማትረፍ ከሆነ አዋላጅ ሆኜም አተርፋታለሁ። የምፈልገው "ዶክተር" መባልን ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም ለራስ በእውነት መናገር ያስፈልጋል። እኔ ሁለቱም ነበሩብኝ። ውሎ አድሮ የለየሁት እንዲህ ነው፦ ሜዲስን ባይደርሰኝ ሚድዋይፈሪ (አዋላጅነት) ወይም ነርሲንግ ደስ ብሎኝ እገባለሁ፤ እንደገና ግን አልፈተንም። ይህን ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩት። ከጻፍኩት በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ፍርሃቱ ቀንሶ ስለነበር ማጥናትም ቀለለኝ።

ሙያው ራሱም ይታሰብበት። ሜዲስን ከፍሬሽማን ጋር 7 ዓመት ገደማ ነው። እኩዮቻችሁ ተመርቀው ሥራ ሲይዙ እናንተ ገና ዋርድ፣ የበሽተኞች ክፍል ውስጥ፣ ትቆማላችሁ። በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ስለ ደሞዛቸው ያነሱትን ጥያቄ ሁላችንም ሰምተናል። እኔ ያኔ አናቶሚ እያጠናሁ ነበር፤ ከፊቴ ያለው ሕይወት ምን እንደሚመስል በግልጽ አየሁት። አልተጸጸትኩም። አባቱ ጊደር ሸጦ የሚያስደግመው ልጅ ግን ይህንን አስቀድሞ ይወቅ።

ማርቆስ ላይ እንዴት እንዳጠናሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ፊዚክስን ከ11ኛ ክፍል የመጀመሪያ ምዕራፍ ጀመርኩ፤ እንደ አዲስ ተማሪ፣ ያለ እፍረት። አስጠኚዬ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ነበር። የቀረውን ቀን ያስተማሩኝን ራሴ እደግመዋለሁ። አራት የግል ተፈታኞች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሙሉ ፈተና በሰዓት እንሠራ ነበር። ሒሳብ ላይ አንድ ሕግ አወጣን፤ ሁለት ደቂቃ አይቼው መንገዱ ካልታየኝ ምልክት አድርጌ አልፋለሁ። እንግሊዝኛ ላይ ምንባቡን ወደ መጨረሻ ገፋሁት፤ ሰዋስውና ቃላቱን ቀድሜ ጨርሼ ሙሉ ልቤን ይዤ እመለስበታለሁ። የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች መልስ መስጫው ላይ አንድም ባዶ እንዳይቀር ለማጥቆር ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ቅዳሜ 11 ጥያቄ ባዶ ቀረብኝ። ግንቦት ላይ ዜሮ ሆነ።

ሁለተኛውን ፈተና ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ተፈተንን። የዚያን ሰሞን ጎጃም ውስጥ የነበረ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገድ ተዘጋ፤ መኪና የለም፤ ኢንተርኔት ጠፋ። ፈተና የጨረስን ልጆች ሻንጣችንን ይዘን ግቢ ውስጥ ቀረን። ሌሊት ተኩስ ሲሰማ ከአንድ አልጋ ሥር አራት ሆነን እንተኛለን። ነጥቤን ያሰብኩበት ሰዓት የለም። በስድስተኛው ቀን በር ላይ ስሜ ተጠራ። አባዬ ነው። ከጮቄ ሥር ተነስቶ በእግሩ መጥቷል። እግሩ አብጦ ነበር። በሶ ይዞልኝ መጣ። ስለ ፈተናው አልጠየቀኝም። "በልተሻል?" ብቻ አለኝ።

ውጤቱ በ2016 መስከረም ማለቂያ ላይ ወጣ። ክልሉ ውስጥ ኢንተርኔት ስላልነበረ የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ሆና አይታ በስልክ አነበበችልኝ። ድምፁ እየተቆራረጠ እኔ እጄ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። ፊዚክስ 55። ሒሳብ 57። እንግሊዝኛ 63። ባዮሎጂ 74። አለፍኩ። ያን ዓመት ከመላ አገሪቱ ያለፈው 3.2 ከመቶ ነው።

እዚህ ላይ ልለምናችሁ። ይህን አንብባችሁ "እሷ ደግማ አለፈች፣ እኔም አልፋለሁ" አትበሉ። ከአራታችን ቅዳሜ ቡድን ያለፍነው ሁለት ነን። ሁለቱ እንደ እኔ ለፍተዋል። አንደኛዋ ፈተናው ሰሞን ታማ ነበር። ሌላው ገና ሁለት ነጥብ ሲቀረው ቀረ፤ በኋላ ጤና ኮሌጅ ገብቶ አሁን ላቦራቶሪ ይሠራል። የእኔ ማለፍ ለእናንተ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃችሁ ያ በሦስት የተከፈለ ገጽ ነው። ከሳታችሁት ውስጥ አብዛኛው "ሳልደርስበት የቀረው" ወይም "የማውቀው ግን የተሳሳትኩት" ከሆነ መድገም ተስፋ አለው። አብዛኛው "የማላውቀው" ከሆነና የሚያስተምራችሁ ሰው፣ የምትቀመጡበት ቦታ፣ ከሥራ ነፃ የሆነ ሰዓት ከሌላችሁ፣ የተገኘውን በር ግቡበት። ሪሚዲያል ይሁን፣ ጤና ኮሌጅ ይሁን።

በር ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። እኛን ከሚያስተምሩን ሐኪሞች አንዱ መጀመሪያ ነርስ ነበሩ። ዲግሪያቸውን ይዘው ሠርተው፣ በ2004 በተጀመረው ዲግሪ ያላቸውን በመግቢያ ፈተና በሚቀበለው የሕክምና ትምህርት ነው የገቡት። አሁን በዚያ መንገድ የሚቀበለው የትኛው ግቢ እንደሆነ ጊዜው ሲደርስ መጠየቅ ያስፈልጋል። ግን በሽተኛ አጠገብ ሲቆሙ ከሌሎቹ ይለያሉ። የነርሷን ሥራ ያውቁታል፤ አስታማሚውን ያውቁታል። "የባከነ ዓመት የለኝም" ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

በ2016ና ከዚያ ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት ፈተና ላይ እንኳ ያልተቀመጣችሁ የጎጃም ልጆች ስለ እናንተ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የእናንተ ጥያቄ "ልድገም ወይ" አይደለም፤ እናንተ ገና መጀመሪያውን አላገኛችሁትም። የታናሽ ወንድሜ ክፍል ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ለእሱ የምለው የቻለውን ያህል ደብተሩን እንዳይዘጋ ነው፤ የሚያስተምር ሰው ካገኘ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ቢሆን ይያዝ። ዘገየሁ ብላችሁ አትፈሩ። የእኔ ክፍል ውስጥ 26 ዓመት የሞላው ልጅ አለ፤ ዕድሜውን የሚጠይቀው ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት ከዚያው መንደር አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። የዚያች በቃሬዛ የወረደችው ሴት ታላቅ ልጅ ናት። 46 ከመቶ አምጥታለች። ድምጿ አልቅሳ የጨረሰች ሰው ድምፅ ነው። "እህቴ፣ ሐኪም ልሆን እችላለሁ?" አለችኝ። "ሒሳብ ላይ ስንት ጥያቄ ባዶ ተውሽ?" አልኳት። ዝም አለች። "አላውቅም" አለች። ፎቶ ኮፒውን ከማን እንደምታገኝ ነገርኳት። ሰዓቱን እንዴት እንደምትሞላ፣ ገጹን እንዴት እንደምትከፍል ነገርኳት። ከጀርባዋ የወንድሞቿ ድምፅ ይሰማል፤ ጉብታው ላይ ነበረች። "አራት ቀን ይፈጃል?" አለች። "አዎ፣ አራት ቀን።" "እሺ፣ እሑድ እደውላለሁ" አለችኝ።